የባለ ሠላሳ አምስቱ ትከሻ

በሩ ጠባብ ነው። ሁለት የልብስ ጋሪ ጎን ለጎን አያሳልፍም። ጀማነህና ሙኒራ በዚህ በር ላይ በቀን አሥር ጊዜ ይጋጠማሉ፤ አሥር ጊዜም ይከራከራሉ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ።»

«ወላሂ አልቀድምም! እርስዎ ይለፉ።»

«በማርያም፣ የያዝሽው እርጥብ ነው፣ ይከብድሻል። እለፊ እባክሽ!»

ከዚያ ሁለቱም እኩል ይገፉና ጋሪ ከጋሪ ይቆላለፋል። አለቃቸው ግሌን ከወዲያ ሆኖ ይስቃል። «እናንተ ሰዎች በር ስታዩ ምን ይነካችኋል?» ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ቤቱ ቢቃጠል «ይቅደሙ፣ ቅደሚ» ሲባባሉ ነው አብረው የሚነዱት።

በሩ የሚያስገባው የሲዮቶ ሄረንስ የቤዝቦል ቡድን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ከኮሎምበስ መሀል ከተማ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር የተወሸቀ መስኮት አልባ ክፍል። ከላይ ሰው ሲያጨበጭብ ከታች የሚሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። ጀማነህ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሲሠራ አንድም ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቶ አያውቅም። ማን እንዳሸነፈ የሚያውቀው በሱሪ ነው። ነጩ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ቀይ አፈር ተለድፎበት ከመጣ ልጆቹ ሮጠዋል፣ በደረታቸው ተንሸራተዋል፣ ታግለዋል ማለት ነው። እንደሄደ ነጭ ሆኖ የተመለሰ ሱሪ የሽንፈት ሱሪ ነው። ዘንድሮ ሱሪው ሁሉ ነጭ ነው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ሥራ ቀለለን» ትላለች ሙኒራ።

«እንዲህ ያለው ቅለት አይበጅም» ይላል ጀማነህ። ልክ ነበር።

ጀማነህ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በሱዳን በኩል የመጣ የድሮ ስደተኛ ነው። ሂልቶፕ ሰፈር፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ፣ የራሱ ቤት አለው፤ የራሱ ማለት የባንኩም ማለት ነው። ሚስቱ ሂሩት አቅም የከዳቸውን አሮጊቶች በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች። ልጃቸው ቃልኪዳን ኮሌጅ ትማራለች፤ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ጀማነህ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር የቡድኑን ልብስ ያጥባል። ሴፕቴምበር ሲያልቅ «በሚቀጥለው ሲዝን እንገናኝ» ይሉታል፤ እሱም ኦቤትስ ወርዶ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ትራክ ላይ ሲጭን ይከርማል።

ትከሻው የተበላሸው እዚያ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት፣ ሳጥን ከራሱ በላይ ሲሰቅል፣ ቀኝ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ተቀደደ። ጨርቅ ሲቀደድ የሚያወጣውን ድምፅ ጀማነህ ያውቀዋል፤ ያንን ነው የሰማው። ከዚያ ወዲህ እጁ ከደረቱ በላይ አልወጣ አለ። ሲያማትብ ራሱ እጁ ግንባሩ ዘንድ አይደርስም፤ ግንባሩን ወደ እጁ ዝቅ ያደርጋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያየው ሰው «እንዴት ያለ ትሑት ነው» ይላል። ትሑት! ጅማቱ ተበጥሶ ነው።

ሐኪሙ ኦፕሬሽን ነው አለ፤ ሌላ ክረምት ከባድ ዕቃ ካነሳ ከዚያ በኋላ የሚሰፋ ነገር አይኖርም አለ። የገዙት ርካሽ ኢንሹራንስ ግን አንድ ሳንቲም ከመክፈሉ በፊት ከኪስ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ደህናው ኢንሹራንስ የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ከተቀጠሩ ጋር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግሌን «በጀት ሲገኝ ቋሚ እናደርግሃለን፣ ጄ» ይለዋል። ጄ ይሉታል፤ ጀማነህ ረዝሞባቸው። እሱም «ችግር የለም» ይላል። ችግር የለም! ይህችን ቃል ማን እንዳስተማረን እንጃ። ችግር ብቻ ሆኖ የተከመረ ሰው ነው «ችግር የለም» የሚለው።

በጀቱ የት እንደገባ ደግሞ ልንገራችሁ።

የቡድኑ ባለቤት መኪና እየሸጠ የከበረ ሰው ነው። መቀመጫው ባዶ ሆነበት። ሊጉ ደግሞ ለተጫዋቾች ደመወዝ ጣሪያ አበጅቷል፤ ከዚህ በላይ አትክፈሉ ብሎ። ታዲያ ባለቤቱ ምን አደረገ? በትልቁ ሊግ ስማቸው የገነነ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሁለት ኮከቦች አመጣ። የሃያ አምስት ሰው ደመወዝ ግማሹን ለሁለቱ ሰጠ። ሃያ ሦስቱ ቀሪውን ተቃመሱ። ከሃያ ሦስቱም መሀል አራቱ በጁላይ ተሰናበቱ። ሱሪው ሁልጊዜ ከሁሉ ይልቅ ቀይ ሆኖ ይመጣ የነበረው አሥራ ሁለት ቁጥር ከነሱ አንዱ ነበር። ቁጥሩ የተጻፈበት የመረብ ከረጢት እስከ ዛሬ ማንጠልጠያው ላይ ባዶውን ይወዛወዛል። የተበላሸው ሦስተኛው ማጠቢያ ማሽን «በሚቀጥለው ወር» እየተባለ አልተጠገነም። ከጨዋታ በኋላ የሚቀርበው ትኩስ ምግብ የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ሆነ።

ከሁለቱ ኮከቦች ስምንት ቁጥር ኳስ ይመታል፣ ግን አይሮጥም። ዋናው ሠላሳ አምስት ቁጥር ነበር፤ ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት። ፎቶው በየአውቶቡሱ ጎን ተለጥፎ ነበር። አራተኛ ጨዋታው ላይ ቀኝ ትከሻው ከዳው። ውሉ የሁለት ዓመት ነው፤ ቢወረውርም ባይወረውርም ይከፈለዋል። ቢያሰናብቱት ያው ይከፈለዋል። የሰማንያ ጋብቻ ቢሉት ይሻላል፤ መፍታቱ ከማቆየቱ ይከብዳል። ባለቤቱ ታስሯል፣ ተጫዋቹ ታስሯል፤ የሁለቱን ሰንሰለት ተሸክሞ የሚዞረው ግን ታች ያለው ነው።

ባለ ሠላሳ አምስቱ ሰው ሲሰድበው መቀመጥ ስላቃተው በጨዋታ ሰዓት ወደ ማጠቢያው ይወርዳል። ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ፣ የሳሙና ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጀማነህ ሱሪ በብሩሽ ሲፈትግ ትክ ብሎ አየው።

«ያንተም ቀኙ ነው?»

«ምን?»

«ትከሻህ። በግራ ነው የምትፈትገው። ቀኝ እጅ መሆንህን አውቃለሁ፤ ስትፈርም አይቻለሁ።»

ጀማነህ ሳቀ። ዘጠኝ ዓመት ከግሌን ጋር ሲውል ግሌን ያላየውን ይሄ ሰው አየው። የታመመ የታመመን ያውቃል።

«እኔ ሦስት ሐኪም አለኝ» አለ ሰውዬው። «ሦስቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ሳትዘገይ ኦፕሬሽን አድርግ። ያንተስ?»

«የኔም እንደዚያው ይላል።»

«ታዲያ?»

«የሚከፍልልኝ ኢንሹራንስ የለኝም።»

ሰውዬው ወደ ጀማነህ ዘንበል ብሎ፦ «እኔ ደግሞ መወርወር አልችልም፣ መሄድም አልችልም። ብሄድ ገንዘቡን ጥዬ ነው። ብቀመጥ ሕፃን ልጅ ሳይቀር ይጮህብኛል።»

ጀማነህ አዘነለት። ከልቡ ነው ያዘነለት፤ በሽታው ይኸው ነው። በተቀመጠበት ሚሊዮን ለሚከፈለው ሰው እሱ፣ ተፈትጎ ያለቀው፣ ያዝንለታል።

«ስለ ቋሚ ሥራው ለባለቤቱ ልንገርልህ?» አለ ባለ ሠላሳ አምስቱ። «እኔን ይሰማኛል፤ ውድ ዕቃ ነኝ።»

«ኧረ አይ፣ ባንተ ላይ ችግር አልጨምርም። ተወው።»

«ኦኬ» አለ ሰውዬው፤ በረዶውን አስተካከለ። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ይህችን «ኦኬ» ልብ በሉልኝ።

ኦገስት ላይ ግሌን ሁለቱንም ጠራቸው። ክለቡ ስታዲየሙን በክረምት ለሠርግና ለስብሰባ ሊያከራይ ነው። የጠረጴዛ ልብስ፣ ፎጣ፣ መጋረጃ የሚያጥብ ሰው ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ፣ ከነሙሉ ኢንሹራንሱ። ቦታው ግን አንድ ነው። «ሁለት ብሰጣችሁ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ግሌን፤ «ግን ደመወዙ የት እንደሄደ ታውቃላችሁ። ነገ ለየብቻ አናግራችኋለሁ።»

ሙኒራን ያስገባት ራሱ ጀማነህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት መኪናው ብሮድ ስትሪት ላይ ቆማበት ታክሲ ቢጠራ የመጣው ሾፌር ሐበሻ ሆነ፤ ሙሳ ይባላል፣ የሙኒራ ባል። በዲቪ ከመጡ ስድስት ወራቸው ነበር፤ ዋይንላንድ ፓርክ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከሁለት ሕፃናት ጋር ይኖራሉ። ሙሳ እስኪያደርሰው ድረስ ስለ ሚስቱ ሥራ ማጣት አወራ። ጀማነህም በማግስቱ ግሌን ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ ዋሷ» አለ። ለሌላ ሰው ሲሆን አንደበቱ እንዴት እንደሚፈታ!

ያን ዕለት ማታ፣ እራት ላይ፣ ሂሩት እንጀራውን አልነካችም።

«እህ፣ ምን ልትለው ነው?»

«ያው... እንደ ሁኔታው።»

«ምን ሁኔታ? አንተ ሰውዬ! አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ሲባል አልሰማህም? አንተ አፍም እያለህ ጥሬውን ነው የምትበላው!»

ቃልኪዳን ስልኳን አስቀመጠች። «ዳድ፣ ጀስት ሴይ ኢት። የስ፣ አይ ዎንት ኢት።»

«እሺ። የስ፣ አይ ዎንት ኢት... ኢፍ ዩ...»

«ኖ ኢፍ! ዳድ! ኖ ኢፍ!»

«የስ፣ አይ ዎንት ኢት፣ ሰር።»

«ሰሩንም ተወው» አለች ሂሩት።

አሥር ጊዜ አስደገሙት። በስድስተኛው ሳቁ፤ በዘጠነኛው ሂሩት አለቀሰች፤ በአሥረኛው በደንብ አለው። አልጋው ላይ ሆኖም ብቻውን ለጣሪያው ነገረው፦ እፈልገዋለሁ። በአማርኛ ደግሞ ይብስ ይከብዳል። «እፈልገዋለሁ» የሚል ሽማግሌ ማን አይቶ ያውቃል? እኛ ዘንድ የሚፈለግልህ እንጂ የምትፈልገው ነገር የለም።

በማግስቱ ግሌን ቢሮው ውስጥ ሳንድዊች እየበላ ነበር።

«እሺ ጄ፣ ያልኳችሁ ቦታ። ትፈልገዋለህ?»

ጀማነህ አፉን ከፈተ። «የስ» የምትለዋ ቃል ጥርሱ ድረስ መጥታ ነበር። በመስታወቱ ወዲያ ሙኒራ ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ አየ። እሷም አየችውና ጎንበስ ብላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለችው።

«እሷ... ሁለት ሕፃናት አሏት» አለ ጀማነህ። «ለሷ ቢሰጥ ይሻላል። እኔ ችግር የለም።»

ይህ በአማርኛ እምቢታ አይደለም። ሁላችንም እናውቀዋለን። ይህ የመጀመሪያው ዙር ነው። ጠያቂው ዓይኑን አፍጥጦ «እንዴ! ዘጠኝ ዓመት ሠርተህ? በሞቴ!» ማለት አለበት። ተጠያቂው መሬት መሬት እያየ «ኧረ ግድ የለም» ይላል። ጠያቂው ይቆጣል። በሦስተኛው ተጠያቂው «እንግዲህ ካላችሁ...» ብሎ፣ ተገዶ እንደሚወስድ ሰው፣ የሚፈልገውን ይወስዳል። ክብሩም ሥራውም ይተርፋል። ግሌን ግን የኦሃዮ ገበሬ ልጅ ነው። እሱ ዘንድ አዎ አዎ ነው፣ አይም አይ ነው።

«ኦኬ» አለ ግሌን። «ቅን ሰው ነህ፣ ጄ። ግልጽ ስለሆንክልኝ አመሰግናለሁ።» ወረቀት ላይ አንድ መስመር አሰመረ። ሳንድዊቹን ገመጠ።

ጀማነህ ቆሞ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀ። ጥግ ያለችው ትንሽ ፍሪጅ ታንጎራጉራለች። ግሌን አኘከ፣ ዋጠ፣ ቀና አለ።

«ሌላ ነገር አለ?»

«የለም።»

ማታ ሂሩት የቤታቸው በር ላይ ነበር የጠበቀችው። «ምን አልከው?»

«ገና አልጨረስንም። እንደገና ይጠይቀኛል።»

«ማን?»

«ግሌን።»

«ለቅሶ ቤት መሰለህ እንዴ» አለች ሂሩት፣ ቀስ ብላ፣ «ብላ፣ ኧረ ብላ የሚሉበት?»

በማግስቱ ሄዶ «ተሳስቻለሁ፣ እፈልገዋለሁ» ቢል ምን ነበረበት? እኔም ይህን ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ። ግን ለሙኒራ ብሎ ከአፉ ያወጣውን መልሶ ሊቀማት ነው? ሰው ምን ይላል? ሙሳ ምን ይላል? «ጋሼ እንዲህ ናቸው እንዴ?» ዝም አይነቅዝም ይላል ተረቱ። ውሸት ነው! ዝም እንደ በቆሎ ነው የሚነቅዘው፤ ከውስጥ። ጀማነህ ሦስት ቀን ሱሪ ሲፈትግ፣ ግሌን ባለፈ ቁጥር ቀና አለ። ግሌን «ሰላም ጄ» እያለ አለፈ።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ ጋሪዎች በሩ ላይ ተገናኙ። ጀማነህ ሌሊቱን ሁሉ ሲያስተካክለው ያደረውን ፈገግታ ፊቱ ላይ አደረገ።

«እንኳን ደስ አለሽ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!»

እኩል ነው ያሉት። ቃላቱ እንደ ጋሪዎቹ ተቆላለፉ።

«እኔ? ምን አግኝቼ?» አለ ጀማነህ።

«ቦታውን ነዋ!»

«ቦታው ያንቺ አይደል እንዴ?»

ሙኒራ እጇን ከጋሪው ላይ አነሳች። «የኔ? እኔ እኮ ግሌን ሲጠይቀኝ ለጋሼ ጀማነህ ይሁን ነው ያልኩት። እሳቸው ናቸው ያስገቡኝ አልኩት። እርስዎን ዘልዬ ብወስድ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ... ደግሞ እንደገና ይጠይቀኛል ብዬ...»

አላስጨረሳትም። ጋሪያቸውን እዚያው ትተው፣ ለአንድ ጊዜ ማንም ለማንም ቅደም ሳይል፣ ወደ ግሌን ቢሮ ሮጡ።

ግሌን ነገሩ አልገባውም። ሁለቱም እኩል ሲያወሩ ካንዱ ወደ አንዱ አየ።

«ቆይ፣ ቆይ። ሁለታችሁም ትፈልጉታላችሁ?»

«የስ!» አሉ።

«ግን ጠየቅኳችሁ እኮ። አንተን ጠየቅኩ፣ እሷ ትውሰደው አልክ። እሷን ጠየቅኩ፣ አንተ ውሰደው አለች። አንተ አልፈልግም ብለሃል፣ እሷም አልፈለገችም። ለባለቤቱ ምን ልበለው? ማንም አልፈለገውም አልኩት።» ብዕሩን ጣለ። «በጣም ነው ደስ ያለው። ቦታውን ሰረዘው። ገንዘቡን አዲሱ ፒቸር ላይ ጨመረው። አርባ አንድ ቁጥር፤ በሠላሳ አምስት ምትክ ሰኞ ይገባል። ከኦክቶበር ጀምሮ ልብሱን ኩባንያ በትራክ እየወሰደ ያጥባል፤ ፈርመዋል።»

«ለሚቀጥለው ሲዝንስ?» አለች ሙኒራ።

ግሌን የጣለውን ብዕር አንስቶ ከደነው። ይህም በሁሉም ቋንቋ መልስ ነው።

«ለምን እንደገና አልጠየቅከኝም?» አለ ጀማነህ። ድምፁ የሱ አልመስል አለው።

«እንደገና?» ግሌን ከልቡ ግራ ገባው። «ጄ፣ መልሰህልኝ ነበር እኮ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግሌን አልዋሸም፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ለተበላሸ ትከሻ የሚከፈል ገንዘብ እዚያ ቤት ውስጥ አለ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይከፈላል፤ ትከሻው የማን ነው ነው ጥያቄው። የባለ ሠላሳ አምስቱ ሲቀደድ ሌላ ትከሻ ተገዛለት። የጀማነህ ሲቀደድ ማንም አልሰማም፤ ምክንያቱም ራሱ ጀማነህ ችግር የለም ብሏል። እነሱን መራገም ቀላል ነው፤ ይገባቸዋልም። ግን እኛስ? ይሉኝታን ትሕትና ብለን ስም አወጣንላት፣ ለልጆቻችን አወረስናት፤ እሷም አንድ እንጀራ ሁለት የተራቡ ሰዎች መሀል አስቀምጣ «አንተ ብላ፣ አንቺ ብዪ» ስታባብለን ሦስተኛው አንስቶት ሄደ።

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ሱሪው ሁሉ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። አርባ አንድ ቁጥርም ክርኑን አሞት ተቀምጧል ተባለ። ግሌን ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ወረደ። በክረምት፣ ተስፋው ገና ትኩስ ሳለ፣ ለተመልካች ሊታደል የተሠራ የባለ ሠላሳ አምስቱ አሻንጉሊት ነው፤ ጭንቅላቱ በሽቦ የተተከለ፣ ሲነኩት የሚነቀነቅ፣ ቀኝ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳ። ማንም የሚወስደው ጠፍቶ አራት መቶ ተርፏል።

«ሊጣል ነው» አለ ግሌን። «ትፈልጋላ—»

«የስ!» አሉ ሁለቱም።

ግሌን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ባለ ሠላሳ አምስቱ ራሱ ፍሎሪዳ ቤቱ ገብቷል። አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ ይከፈለዋል። ከመሄዱ በፊት ጀማነህን ጨብጦት፣ ልብ ብሎ በግራ እጁ ጨብጦት፣ «ኦፕሬሽኑን አድርግ፣ አትዘግይ» አለው።

ኦክቶበር ላይ ጀማነህ መኪናውን ወደ ኦቤትስ ነዳ። ሙኒራ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ የሙሳ መኪና ሥራ ላይ ስለሆነች እሱ ነው የሚያደርሳት፤ መጋዘኑን የጠቆማትም እሱ ነው። አሻንጉሊቱ መስታወቱ ሥር ተለጥፎ፣ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እሺ፣ እሺ፣ እሺ።

«ይሄስ ሁሉንም እሺ ይላል» አለች ሙኒራ።

«እኛ ነን ያቃተን» አለ ጀማነህ። ከዚያ እራት ላይ ቃልኪዳን እንዴት እንዳስጠናችው ነገራት፤ ኢፍ የለም፣ ሰር የለም፣ በቃ የስ፣ አይ ዎንት ኢት። ሙኒራ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። «እስቲ እኔም ልሞክር» አለች። መጋዘኑ እስኪደርሱ አስጠናት። ከሱ ይልቅ ጥሩ አድርጋ አለችው።

የፈረቃ ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ታብሌት ይዛ ከፊታቸው ቆመች። ዛሬ የገቡ የክረምት ሠራተኞች ስምንት ናቸው።

«ሰባት ሰው ትራክ መጫኛው ላይ እፈልጋለሁ» አለች። «አንድ ደግሞ ስካን ላይ፤ ወንበር አለው፣ ቁጭ ብሎ ባርኮድ ማንበብ ነው፣ የሚነሳ ዕቃ የለም። እስከ ማርች የራሱ ነው። ማን ይፈልጋል?»

ጀማነህ በዚህኛው ጊዜ አልተኛም። ጥያቄው ሳያልቅ እጁን አነሳ፤ ግን በልማድ ቀኙን ነው ያነሳው። ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ሕመሙ እስከ ጆሮው ነደደ። ወደ ግራው ሲለውጥ፣ አጠገቡ አንዲት ቀጭን እጅ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ወጥታ ነበር።

«የስ፣ አይ ዎንት ኢት።»

ኢፍ የለም። ሰር የለም።

«ያንቺ ነው» አለች ኃላፊዋ፤ ታብሌቱን ነካች፤ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። ሁለተኛ አልጠየቀችም።

ወደ ስካን ጠረጴዛው የሚያስገባው መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ ጀማነህ ደጁ ላይ ቆሟል። ሙኒራ ፊቷ ቀልቶ ከፊቱ ደረሰችና ቆመች። እያየችው አይደለም፤ ጫማዋን ነው የምታየው።

«ጋሼ...» አለች።

በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቅደሚ ሳይላት ቀድማለች። ሊቆጣት ፈለገ። ሁለቱ ሕፃናት ትዝ አሉት። ያስጠናት እሱ መሆኑም ትዝ አለው፤ ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

«እለፊ» አላትና ከመንገዷ ፈቀቅ አለ።

ትራኩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሳጥን የሚሰቀለው ላይኛው ረድፍ ላይ ነው። ጀማነህ ግንባሩን ወደ እጁ ዝቅ አድርጎ አማተበ። ከዚያ ሳጥኑን አቀፈው።